ሥዕልና የኅትመቱ ዕድሜ

ሥዕል ከጥንት ጀምሮ ከሚያርፍበት ነገር ተለይቶ አያውቅም። በዋሻ ግድግዳ ላይ የተሣለው ከዐለቱ ጋር፣ በብራና ላይ የተሣለው ከብራናው ጋር፣ በሸራ ላይ የተሣለውም ከሸራው ጋር አብሮ ይኖራል፤ አብሮም ያረጃል። የቀድሞው ሠዓሊ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት ለሥራው ሥጋ መርጦለት ነበር ማለት ነው። በኮምፒዩተር የሚሠራው ሥዕል ግን ከዚህ ልማድ ወጥቷል። በቍጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል እንጂ ክብደት የለውም፤ ሊዳሰስ የሚችል ቀለምም የለውም። በመስኮቱ ላይ ስንመለከተው የምናየው ብርሃን ብቻ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ እርሱም ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሥዕል በአዳራሽ ወይም በቤት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ሲፈለግ፣ ነፍሱ ከተፈጠረች በኋላ ሥጋ ይፈለግለታል። ይህ ሥጋ ኅትመት ነው።

ብዙ ሰዎች የኅትመትን ምርጫ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ አድርገው ያዩታል። ሥዕሉ ካማረ፣ ቀለሙም ከደመቀ፣ ስለ መኪናውና ስለ ቀለሙ ዐይነት መጠየቅ ለሠዓሊም ለገዢም የማይገባ ዝርዝር ይመስላቸዋል። እኛ ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ ያለውን የዚህን ጥበብ ታሪክ ስንመረምር ያገኘነው ከዚህ ተቃራኒውን ነው። የኅትመት ምርጫ ሥዕሉ ለማን እንደሚደርስ፣ የልጅ ልጅ ያየው ወይም አያየው እንደሆነ የሚቈርጥ ፍርድ ነው። ይህን ፍርድ ሳያውቁት የፈረዱ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የነገሩ መነሻ ሥዕል አልነበረም። በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የነበረ አይሪስ ግራፊክስ የተባለ ኩባንያ ለማተሚያ ቤቶች የሚያገለግል አንድ መኪና ሠራ። ማተሚያ ቤቶች መጽሔትና ማስታወቂያ በብዙ ሺህ ቅጂ ከማተማቸው አስቀድሞ፣ ቀለሙ እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ ለደንበኛው የሚያሳዩበት የሙከራ ቅጂ ያስፈልጋቸው ነበር። የአይሪስ መኪና የተሠራው ይህን ቅጂ ለማውጣት ነው። ወረቀቱ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ይጠመጠማል። በከበሮው ፊት አራት ቀጫጭን የመስተዋት አፎች ይቆማሉ፤ አንዱ ውኃ ሰማያዊ፣ አንዱ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ፣ አንዱ ብጫ፣ አንዱም ጥቁር ቀለም ይረጫል። ከእያንዳንዱ አፍ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። የማያስፈልገው ነጠብጣብ በኤሌክትሪክ ኃይል ከመንገዱ ተገፍቶ ይቀራል፤ የሚያስፈልገው ብቻ ወረቀቱን ይመታል። ነጠብጣቡ እጅግ የደቀቀ ስለሆነ ቀለሙ እንደ ውኃ ቀለም ሥዕል ለስልሶ ይታያል።

የሙከራ ቅጂ ደንበኛው አይቶ ከተስማማበትና ከፈረመበት በኋላ የሚጣል ነገር ነው። ስለዚህ የመኪናው ሠሪዎች ስለ ቀለሙ ትክክለኛነት እንጂ ስለ ዕድሜው አልተጨነቁም፤ የሚጨነቁበትም ምክንያት አልነበራቸውም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ይህን የማተሚያ ቤት መኪና ወደ ሥነ ጥበብ ካሻገሩት ሰዎች ዋነኛው በሙዚቃ የታወቀው እንግሊዛዊ ግራሃም ናሽ ነበር። ናሽ በ1942 የተወለደ ሲሆን ከዘፋኝነቱ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺና የቆዩ ፎቶግራፎች ሰብሳቢ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ፎቶግራፎቹን በኮምፒዩተር ማረምና መለወጥ ጀመረ። ነገር ግን በመስኮቱ ላይ ያየውን በወረቀት ላይ በሚገባው ጥራት ሊያወጣለት የሚችል መሣሪያ አላገኘም። በዲዝኒ ኩባንያ ይሠራ የነበረው የቀለም ባለሙያ ዴቪድ ኩንስ ሥራዎቹ በአይሪስ መኪና እንዲታተሙ ረዳው። ውጤቱም ናሽን አስደሰተው፤ የራሱን መኪናም በ126,000 ዶላር ገዛ።

መኪናው ግን ለሥዕል አልተሠራምና እንዳለ አልታዘዘለትም። ሠዓልያን የሚወዱት ወፍራሙ የጥጥ ወረቀት በከበሮው ላይ ሲጠመጠም ከቀለም አፎቹ ጋር ይነካካ ነበር። በዚህ ጊዜ ናሽና ባልደረቦቹ በመጋዝ የመኪናውን አንዳንድ ክፍል ቈርጠው ለወረቀቱ መንገድ ከፈቱለት። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበትን አዲስ መኪና በመጋዝ መቍረጥ ድፍረት ይጠይቃል፤ የሠሪው ኩባንያ ዋስትናም በዚያው እንደሚቀር ግልጽ ነው። በ1991 ናሽ ከባልደረባው ከማክ ሆልበርት ጋር በካሊፎርኒያ በማንሃታን ቢች ከተማ ናሽ ኤዲሽንስ የተባለውን የሥዕል ማተሚያ ቤት ከፈተ። ያ መኪና ዛሬ በዋሺንግተን ከተማ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ በ2005 በስጦታ ተሰጥቷል።

ከዚህ ቀጥሎ የስም ጉዳይ ተነሣ። በዚያን ጊዜ «በኮምፒዩተር የታተመ» ወይም «በቀለም ርጭት የታተመ» የሚለው አባባል በሥዕል ገበያ ውስጥ ርካሽ ነገር ያስመስል ነበር። በናሽ ማተሚያ ቤት ይሠራ የነበረው አታሚ ጃክ ዱጋን በ1991 መርጨትን ከሚያመለክት የፈረንሳይኛ ቃል «ዢክሌ» የሚል ስም አወጣ። ስሙ እውነቱን አልደበቀም፤ በፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው መርጨት መሆኑን ያስተውላል። የማያውቅ ሰው ግን የረቀቀ የጥንት ጥበብ ይመስለዋል። ዢክሌ የሚለው ቃል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በየሥዕል መሸጫው ተዛመተ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ በዚህ ታሪክ ግን ስሙ ደምቆ ሳለ ቀለሙ መደብዘዝ ጀመረ።

የቀለሙን ነገር ለመረዳት ሁለት ዐይነት ቀለም እንዳለ ማወቅ ያሻል። አንደኛው ጨው በውኃ እንደሚሟሟ በፈሳሹ ውስጥ ፈጽሞ የሚሟሟ ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች ዳይ ይሉታል። ሁለተኛው ዱቄት በውኃ እንደሚበጠበጥ ሳይሟሟ በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር ደቃቅ ቅንጣት ነው፤ ፒግመንት ይባላል። እኛ የመጀመሪያውን የሚሟሟ ቀለም፣ ሁለተኛውን የዱቄት ቀለም እንበላቸው። የሚሟሟው ቀለም ደማቅና ብሩህ ነው፤ በጠባብ አፍም ያለ ችግር ያልፋል። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የሚቀረው እያንዳንዱ ሞለኪውል ለብቻው ለብርሃንና ለአየር የተጋለጠ ነው። የዱቄት ቀለም ቅንጣት ግን በብዙ ሞለኪውሎች የተከማቸ ስለሆነ፣ የላዩ ሲጐዳ የውስጡ ይቀራል። እንደ ጭቃ ቤትና እንደ ድንጋይ ካብ ነው፤ ዝናብ ሁለቱንም ይመታል፤ እኩል ግን አያፈርሳቸውም።

የአይሪስ መኪና የሚረጨው የሚሟሟውን ቀለም ነበር። ለሚጣል የሙከራ ቅጂ የተሠራው ቀለም እንዲኖሩ ለታሰቡ ሥዕሎች ሲውል፣ ከመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች አንዳንዶቹ በግድግዳ ላይ በተሰቀሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መገርጣታቸው ታየ። ይህን ጉዳይ በይፋ ካነሡት ሰዎች አንዱ በአይዋ ግዛት በግሪኔል ከተማ የሚሠራው አሜሪካዊው ተመራማሪ ሄንሪ ዊልሄልም ነው። ዊልሄልም ከካሮል ብራወር ጋር በመሆን ስለ ቀለም ፎቶግራፎች ዕድሜና አጠባበቅ በ1993 ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። የአሠራሩ መንገድ ይህ ነው፤ ኅትመቱን በብርቱ መብራት ሥር አኑሮ የቀለሙን መቀነስ በየጊዜው ይለካል፤ ከዚያም በቤት ውስጥ በቀን ለ12 ሰዓት 450 ሉክስ ብርሃን ቢያርፍበት ያው ጉዳት በስንት ዓመት እንደሚደርስ ያሰላል። የዊልሄልም ውለታ ልኬቱ ብቻ አይደለም። «ያምራል» ከሚለው ቃል አጠገብ «እስከ መቼ?» የሚለውን ጥያቄ አቁሟል። ከዚህ በኋላ የቀለም ሠሪዎች ለአይሪስ የሚሆን የተሻለ ቀለም ማቅረብ ጀመሩ፤ ሠዓልያንም የቀለሙን ዐይነት መጠየቅ ለመዱ።

በ2000 የጃፓኑ ኤፕሰን ኩባንያ የዱቄት ቀለም የሚረጩ መኪናዎችን ለፎቶግራፍና ለሥዕል አቀረበ። ያኔ ሁለት መቶ ዓመት ይቆያል እስከ መባል ደርሶ ነበር። ዕድሜው ረዘመ፤ ሌላ እንከን ግን ወጣበት። በመብራት ሥር ትክክል የነበረው ቀለም በቀን ብርሃን ሲታይ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር። ቀለሙም እንደ ሚሟሟው የደመቀ አልነበረም። ሠዓሊው ከውበትና ከዕድሜ አንዱን እንዲመርጥ የተገደደ መሰለ። በ2002 ግን ያው ኩባንያ ሰባት ዐይነት የዱቄት ቀለም የሚጠቀሙ አዳዲስ መኪናዎች አወጣ፤ ትልቁ 112 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ወረቀት ላይ ያትም ነበር። ልዩነቱ እጅግ ጠበበ። የአይሪስ ዘመንም በዚህ አካባቢ እየተዘጋ ሄደ።

በዚያው በ2000 የደረሰ ሌላ ነገር ለትምህርት ይሆነናል። በሚሟሟ ቀለምና በአንድ ዐይነት አዲስ አንጸባራቂ ወረቀት የታተሙ ፎቶግራፎች፣ በመብራት ሙከራ ብዙ ዓመት እንደሚቆዩ ከተነገረላቸው በኋላ፣ በአንዳንድ ቤቶች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ብርቱካንማ ተለወጡ። ሲመረመር ጥፋተኛው ብርሃን ሳይሆን በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱ ቶሎ እንዲደርቅ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለነበር አየሩ እንደ ልቡ እየገባ የሰማያዊውን ቀለም በልቶታል። በመስተዋት የተሸፈኑት ግን በብዙው ተርፈዋል። ሙከራው ውሸት አልነበረም፤ የለካው የብርሃንን ጉዳት ነበር፤ ስለ አየር አልጠየቀም። ማንኛውም ሙከራ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ «መቶ ዓመት ይቆያል» የሚል ማስታወቂያ ስናነብ «በምን ብርሃን፣ በምን ወረቀት፣ በመስተዋት ሥር ወይስ ያለ መስተዋት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ርጭት ኅትመት ነው። ከእርሱ ጐን ለጐን ያደገ ሁለተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም የብርሃን ኅትመት ነው። በ1990ዎቹ የጣልያኑ ዱርስት ኩባንያ ላምዳ የተባለውን፣ ሌላ የካናዳ ኩባንያ ደግሞ ላይትጄት የተባለውን መኪና ሠሩ። እነዚህ መኪናዎች ቀለም አይረጩም። በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ የሌዘር ጨረር ሥዕሉን በቀለም ፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ወረቀቱም እንደ ወትሮው ፎቶግራፍ በመድኃኒት ታጥቦ ይወጣል። ቀለሙ በወረቀቱ ሽፋን ውስጥ ስለሚፈጠር የተረጨ ነጥብ አይታይበትም፤ ጥልቀቱና ልስላሴው ዐይን ይማርካል። ሆኖም የሚፈጠረው ቀለም ከሚሟሟው ወገን ነው፤ በብርሃን ይገረጣል፤ በጨለማም ቢሆን ቀስ እያለ ይለወጣል። ብዙ ቤተ መዘክሮች የቀለም ፎቶግራፎችን በቀዝቃዛ ክፍል የሚያስቀምጡት ስለዚህ ነው።

የዚህ ወገን ኅትመት ምን ያህል ክብር እንዳገኘ ለማሳየት የጀርመናዊውን የአንድሪያስ ጉርስኪን ሥራ እንጥቀስ። ጉርስኪ በ1999 የራይንን ወንዝ የሚያሳይ «ራይን 2» የተባለ ሥራ አወጣ። በፎቶግራፉ ላይ የነበሩትን ሕንፃና መንገደኞች በኮምፒዩተር አስወግዶ ሰማይን፣ ሣርንና ውኃን ብቻ አስቀረ። ኅትመቱ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በቀለም ፎቶግራፍ ወረቀት ታትሞ ፊቱ በጠራ የአክሪሊክ ሰሌዳ ላይ ተጣብቋል። ከስድስቱ ቅጂዎች አንዱ በኅዳር ወር 2011 በኒው ዮርክ በክሪስቲስ ሐራጅ 4,338,500 ዶላር አወጣ፤ እስከ 2022 ድረስም ለፎቶግራፍ በሐራጅ የተከፈለ ከፍተኛው ዋጋ ሆኖ ቆየ።

ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፈልበት ነገር ቀለሙ ዘላለማዊ አይደለም። ሰሌዳው ቢቧጨር ወይም ቀለሙ ቢገረጣ ኅትመቱን ያለ ጉዳት ከሰሌዳው መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት በቤተ መዘክር ጠባቂዎችና በሠዓልያን መካከል ትልቅ ክርክር ይነሣል። አንዳንዱ «ፋይሉ ካለ አሮጌውን አጥፍቶ እንደገና ማተም ይበቃል» ይላል። ሌላው «እንደገና የታተመው ሌላ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያውን ሠዓሊው በዐይኑ አይቶ፣ በእጁም ፈርሞበታል» ሲል ይመልሳል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የእውነት ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ክርክሩ መነሣት ያለበት ቀለሙ ከገረጣ በኋላ ሳይሆን ሥራው በሚሸጥበት ቀን ነው። ሻጩና ገዢው በጽሑፍ ቢስማሙ ኖሮ ብዙ ቅሬታ ይቀር ነበር።

ስለ መጠንም ጥቂት እንናገር፤ በትልቅ ኅትመት ሰዎች ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነውና። የጤናማ ሰው ዐይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያይበት ወሰን አለው። በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ይህ ወሰን ወደ 0.09 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ያህል ነጥብ ማለት ነው። በአንድ ሜትር ርቀት ግን 0.3 ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን በአንድ ኢንች ከ100 ያነሰ ነጥብ ይበቃል። እንግዲህ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሥዕል እንደ መጽሐፍ በቅርብ እንዲነበብ ቢፈለግ በወርዱ 11,800 ያህል ነጥብ ያሻዋል፤ በአንድ ሜትር ርቀት ለሚቆም ተመልካች ግን 3,900 ያህል ይበቃዋል። ሰው ትልቅን ሥዕል በመጀመሪያ ከሩቅ ያየዋል፤ ከወደደው ግን ይጠጋዋል። ስለዚህ ልኩን የሚወስነው የአዳራሹ ስፋትና የተመልካቹ ልማድ ነው እንጂ የመኪናው ማስታወቂያ አይደለም።

ከሁለቱ መንገዶች ሌላ ለውጭ ማስታወቂያ የተሠራ ኅትመትም አለ። አንዱ በፕላስቲክ ላይ የሚጣበቅ ብርቱ ቀለም ይረጫል፤ ሌላው የረጨውን ቀለም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወዲያው አድርቆ በብረት፣ በእንጨትና በመስተዋት ላይ ሳይቀር ያትማል። በከተሞቻችን ባነር የሚያትሙት ቤቶች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ ወገን መኪና ነው። ይህ ለዝናብና ለፀሐይ የታሰበ ነው፤ ለበዓልና ለጉባኤ እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን በእጅ ርቀት ለሚታይ ረቂቅ ሥዕል የለሰለሰውን የጥጥ ወረቀት አይተካም። ወጣት ሠዓሊ ዋጋው ስለቀለለለት ብቻ ሥራውን በባነር ቢያሳትም፣ ሥዕሉ ማስታወቂያ መስሎ እንዳይታይ ያሰጋል።

ወረቀቱም ከቀለሙ ያላነሰ ነገር ነው። ከተራ የእንጨት ገለባ የተሠራና ያልተጣራ ወረቀት በጊዜ ብዛት ይበጫል፤ ይሰበራልም። የጥጥ ወረቀት ግን ይታገሣል። እጅግ ነጭ ሆኖ የሚያበራው ወረቀት ብዙ ጊዜ ንጣቱን ያገኘው ከተጨመረበት ማድመቂያ ነው፤ ማድመቂያው ሲደክም ወረቀቱ ይደበዝዛል፤ የሥዕሉም ብርሃን አብሮ ይቀየራል።

በመግቢያችን የኮምፒዩተር ሥዕል ሥጋ የሚመረጥለት ከተሠራ በኋላ ነው ብለን ነበር። ይህ ግን የግድ እንዳልሆነ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ አሳይቷል። በ2009 በለንደን ያቀረበውን ትርኢት «በማተሚያ መኪና ውስጥ መሣል» ብሎ ሰየመው። ሥዕሎቹን የሚሠራው ታትመው እንዲወጡ አስቦ ነበርና ኅትመቱ ለእርሱ ቅጂ ሳይሆን ሥራው ራሱ ነበር። በ2011 በትውልድ አገሩ በዮርክሸር በዎልድጌት መንገድ የጸደይን አመጣጥ በአይፓድ ሣለ፤ በ2012 በሮያል አካዳሚ 51 ሥዕሎቹን በትልልቅ ወረቀት አሳትሞ ለሕዝብ አሳየ። የቀድሞው ሠዓሊ ሸራውን አስቀድሞ እንደሚመርጥ ሁሉ፣ ሆክኒም በትንሿ ሰሌዳ ላይ ሲሥል ትልቁን ወረቀት በሐሳቡ ይዞ ነበር። እንዲህ ሲሆን ነፍስና ሥጋ ይገናኛሉ።

እንግዲህ ምርጫው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ይቆማል። ሥዕሉ የሚኖረው ለስንት ጊዜ ነው? የሚሰቀለው በምን ብርሃን ውስጥ ነው? ተመልካቹስ ከየት ቆሞ ያየዋል? ለዓመታት እንዲኖር ለሚታሰብ ሥራ በጥጥ ወረቀት ላይ የታተመ የዱቄት ቀለም የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን። ጥልቅና ለስላሳ ፎቶግራፍ የሚፈልግ የብርሃን ኅትመቱን ይምረጥ፤ ድክመቱን ግን ለገዢው አስቀድሞ ይንገር። ለአንድ ቀን በዓል የሚሆነው ለባነር ይተው። ከሁሉ በላይ ሠዓሊው የመኪናውን፣ የቀለሙንና የወረቀቱን ዐይነት በኅትመቱ ጀርባ ላይ ይጻፍ። ትልቅ ስም ከመስጠት ትንሽ እውነት መጻፍ ይሻላል።

የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መልሰውታል። ጥላሸት ሰብስበው፣ ከማጣበቂያ ጋር ለውሰው፣ ለወራት አቆይተው ጥቁሩን ቀለም ይሠሩ ነበር። የጥላሸቱ ቅንጣት አይሟሟም፤ ብርሃንም በቀላሉ አይበላውም። በአባ ገሪማ ገዳም የሚጠበቁት የወንጌል መጻሕፍት ከሺህ ዓመት በላይ አልፈው ዛሬም ይነበባሉ። የዛሬዎቹ የዱቄት ቀለም መኪናዎች የሚረጩት ጥቁር ቀለምም ያው ካርቦን ነው። ቁም ጸሐፊው ቀለሙን ለወራት ሲያቆይ የማያውቀውን አንባቢ እያሰበ ነበር። በትልቅ ወረቀት ላይ ሥዕሉን የሚያሳትም የዛሬ ሠዓሊም ገና ያልተወለደውን ተመልካች ቢያስብ፣ የትኛውን ቀለም መምረጥ እንደሚገባው አይጠፋውም።